ያልተቀመሰ ድራፍት

አሜሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ሚያዝያ የሥራ ባልደረባዬ «ዛሬ ማታ ድራፍት አለ፤ ትመጣለህ?» ሲለኝ ሁለቴ አላስለመንኩትም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ድራፍት ሲባል የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ በጃምቦ ይቀዳል፣ አረፋ አለው። ሄጄ ያገኘሁት ግን ሙሉ ልብስ የለበሱ ግዙፍ ጎረምሶች ስማቸው ሲጠራ እናታቸውን አቅፈው የሚያለቅሱበትን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። ቢራም ነበር፣ በጠርሙስ።

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። ሠላሳ ሁለቱ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድኖች በየዓመቱ ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡትን ልጆች በሰባት ዙር ይቀራመታሉ። ቅድሚያ የሚሰጠው ባለፈው ውድድር ውራ ለወጣው ነው። እኔ የምደግፈው የዋሽንግተን ቡድን ቀድሞ በመምረጥ ታምቶ አያውቅም።

ከዚያ በፊት ልጆቹ ኢንዲያናፖሊስ ተሰብስበው ይለካሉ፤ ቁመት፣ ክብደት፣ የአርባ ያርድ ሩጫ፣ የመዳፍ ስፋት ሳይቀር። ይህ ለእኛ ባዳ አይደለም። ለፋሲካ ሾላ ገበያ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ሽንጥ ይዳበሳል፣ ላት ይጨበጣል፣ ጥርስ ይታያል፣ በመጨረሻ ብድግ ተደርጎ በክንድ ይመዘናል። በጉ ግን በማግስቱ ማርክ ወጥቶለት ጋዜጣ ላይ አይለጠፍም። እነዚህ ልጆች ማሊያቸውን ሳያጠልቁ «ኤ»፣ «ቢ ማይነስ»፣ «ኤፍ» እየተባሉ ይሰለፋሉ።

አመሉ እኔም ላይ ተጋባ። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለች አንዲት ቡና ቤት ጥግ ይዤ ሶፍት ላይ ማርክ እጽፋለሁ። እዚያ ጋሼ የምንላቸው ታክሲ ነጂ አሉ፤ አገር ቤት ሃያ ምናምን ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ።

«አንተ ልጅ፣ ተማሪው ሳይፈተን አርመህ ጨረስክ?» ይሉኛል። «እኛ እንኳ ቢያንስ ወረቀቱን እንሰበስብ ነበር።»

የእኔ ታላቅ ዓመት 2012 ነው። (የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ውርደቱም የዚያው አገር ስለሆነ።) ዋሽንግተን ሮበርት ግሪፊን የሚባለውን ኳርተርባክ (ጨዋታውን የሚመራው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ የሚሰለፍበት ቦታ ነው) ለማግኘት የሦስት ዓመት የአንደኛ ዙር ዕጣውን፣ ከአንድ የሁለተኛ ዙር ምራቂ ጋር፣ ለሴንት ሉዊስ ራምስ አስረከበ። ኤ ፕላስ ሰጠሁ። ያው ቡድን በአራተኛው ዙር ከርክ ካዝንስ የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ሲደርብ «ለአንድ ሙሽሪት ሁለት ሙሽራ?» ብዬ ኤፍ። ሲያትል በሦስተኛው ዙር ራስል ዊልሰንን ሲወስድ ደግሞ ሳቄ አመለጠኝ፤ ቁመቱ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። እሱንም ኤፍ። እዚህ ላይ ብቻዬን አልነበርኩም፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው አዋቂዎችም የሲያትልን ምርጫ ከታች አስቀምጠውት ነበር።

ግሪፊን በመጀመሪያ ዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ። ሶፍቷን ፍሬም ውስጥ ላስገባት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ በእኛ የገና ዋዜማ ሲያትል ለጥሎ ማለፍ ዋሽንግተን መጣ። 14 ለ 0 ስንመራ ቆየን። የኤ ፕላሴ ጉልበት ከዳውና ሜዳው ላይ ተዘረረ፤ ባለ ኤፉ 24 ለ 14 አሸንፎ አውሮፕላኑን ተሳፈረ። በቀጣዩ የውድድር ዘመን የሊጉን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ ወሰደ። ግሪፊን እንደ ድሮው ሊሆን አልቻለም፤ በ2015 ቦታውን የተረከበው ያ የአራተኛ ዙር ሚዜ፣ ካዝንስ ነው።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። በ2014 መጨረሻ የሆነውን ግን እስካሁን አልቻልኩትም። ራምሶች ሊገጥሙን መጡ፤ ለሳንቲም ውርወራ አምበሎች ሲጠሩ ስድስት ሰው ወጣ። ስድስቱም በግሪፊን ልዋጭ ከተገኘው ዕጣ የተመረጡ ልጆች ናቸው! የሸጥክለትን ጋቢ ለብሶ ቤትህ በእንግድነት የሚመጣ ሰው አይተህ ታውቃለህ? 24 ለ 0 ተሸነፍን። ጋሼ ያን ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ የቡናዬን ሒሳብ ብቻ ከፈሉልኝ።

በኋላ ሳነብ ችግሩ ከሥሩ ኖሯል። የመጀመሪያው ድራፍት በ1936 ፊላደልፊያ ላይ ሲካሄድ ከሁሉ ቀድሞ የተጠራው ጄይ በርዋንገር በደመወዝ ሳይስማማ ቀርቶ አንድም ቀን በሊጉ አልተጫወተም። በመክፈቻው ዕለት አንደኛ የወጣው ተማሪ ትምህርት ቤት አልመጣም ማለት ነው። (199ኛ ስለተጠራው ቶም ብሬዲ አላወራም፤ እሱን ሁሉም ያወራዋል።)

በ2024 ድራፍቱ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ዋሽንግተን ጄደን ዳንኤልስን ሁለተኛ አድርጎ ሲጠራ፣ ኤ ፕላስ የጻፈው እጄ ተቃጥሏልና «ቀጭን ነው፣ ይሰበራል» ብዬ ሲ ማይነስ ቸርኩት። እሱም የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆኖ፣ ቡድናችንን ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ እስኪቀረው ድረስ አደረሰው። በዚያች ማታ ግን ይህን ማን ያውቃል? ጋሼ ሽሯቸውን እየጠቀለሉ «ፈተናው ይምጣ» ከማለት አላለፉም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ለፋሲካ ዋዜማ፣ ቨርጂኒያ ወዳለ እርሻ በግ ልንገዛ አብረን ሄድን። ጋሼ ኮታቸውን ለእኔ አስይዘው በረቱ ውስጥ ገቡ። የዚህ አገር በግ ላት ስለሌለው ግማሹ ፈተና ቀረ፤ ሽንጡን ዳበሱ፣ ብድግ አደረጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይሄ ኤ ነው።»

«ጋሼ፣ ሳይፈተን?»

«የበግ ሌላ ነው። በግ እጅ ላይ ያስታውቃል።»

ሲገፈፍ ግማሹ ፀጉር ነበር። የቀረው አጥንት። በፋሲካው ዕለት ምጣዱ ላይ የተጣደው ጥብስ ለሦስት ሰው አልበቃም። ከኪሴ ሶፍት አውጥቼ እስክሪብቶ ስፈልግ አዩኝ።

«ቁጭ በል» አሉ። «መጀመሪያውኑ ለጥብስ አልመረጥኩትም፤ ለቅቅል ነው።»