ዕረፍቱስ ሞልቶታል

«እጅና እግሩ የማይታዘዝለት ሰው የኮምፒውተር ጌም ምን ያደርግለታል?»
ላንተስ ምን ያደርግልሃል? ለእሱም ያንኑ ነው።

«ጆይስቲክ ሳይዝ እንዴት ይጫወታል?»
በዓይኑ! ኤኤልኤስ የሚባለው በሽታ እጅን፣ እግርን፣ ንግግርንም ሲነጥቅ የዓይንን እንቅስቃሴ ብዙ ጊዜ ይምራል። ከስክሪኑ ሥር የምትቀመጥ ቀጭን መሣሪያ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ትለቃለች። ካሜራዋ የብሌኑን መሃልና ብርሃኑ ዓይኑ ላይ ብልጭ የሚልበትን ነጥብ እያስተያየች የት እንደሚያይ ትለያለች። መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚሉ ነጥቦችን በዓይኑ እየተከተለ ያለማምዳታል፤ ከዚያ የፈለገው ቦታ ላይ ዓይኑን ጥቂት ሲያቆይ ተጫነ ማለት ነው።

«ታዲያ ያየውን ሁሉ ሊጫነው ነዋ!»
ጎሽ፣ ዛሬ ከተናገርከው ሁሉ ፍሬ ያላት ይቺ ናት። ተመራማሪዎችም የነካው ሁሉ ወርቅ እየሆነ ባስቸገረው በንጉሥ ሚዳስ ስም የሚጠሩት ችግር ነው። ለዚህም ዓይኑ የሚቆይበትን ጊዜ ለተጫዋቹ ይመጥኑለታል፤ ቢያየውም ምንም የማይታዘዝበት ማረፊያ ቦታ ይተዉለታል።

«የሀብታም ቅንጦት ነው!»
ኤኤልኤስ አልጋ ላይ ላዋለው ቴምፕት ዋን ለተባለው የሎስ አንጀለስ የግድግዳ ሠዓሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ሙያተኞች ተሰባስበው ከርካሽ የመነጽር ፍሬምና ከፕሌይስቴሽን ካሜራ አይራይተር የተባለ መሣሪያ ሠሩለት። በዓይኑ ሣለ! አሠራሩንም ለዓለም በነጻ ለቀቁት። ስፔሻል ኢፌክት የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2017 ማይንክራፍት የተባለውን ጌም በዓይን የሚያጫውት አይማይን የተባለ ሶፍትዌር በነጻ ሰጠ። ነጻን ቅንጦት የሚል ካንተ ሰማሁ።

«በሽተኛ አይደል? ይልቅ ቢያርፍ አይሻለውም?»
ዕረፍቱስ ሞልቶታል! አልጋው ላይ ሌት ተቀን ሌላ ምን አለው? የጎደለው ከእኩዮቹ ጋር መፎካከር፣ ቤት ሠርቶ ማፍረስ፣ ተሸንፎ «ድገመኝ!» ማለት ነው። ጉልበቱን በሽታ ወሰደበት፤ ጨዋታውን ግን የምትከለክለው አንተ ነህ።

«እሺ፣ እኔ ምን ላድርግ?»
አንተ ጌም ትሠራ የለም? ቁልፎቹን ሰፋ አድርጋቸው። በሁለት ጣት በአንዴ ካልተጫኑት የማይሠራ ትእዛዝ አታስገባ። ፍጥነቱንም ተጫዋቹ ራሱ ይምረጥ። ዛሬውኑ ጀምር!