«ብዬ ነበር»፦ ስለ ሴት ሯጮች ምርጫ በደብረ ኤልያስ የተደረገ ጥናት

ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዷ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ በመንገድ ዳር ባለች የጀበና ቡና ቤት ግን ሌላ ጉባኤ ተተክሏል። ይህ ጉባኤ ተማሪ የለውም፤ ሁሉም መምህር ነው። የሚቆጠርበት መጽሐፍ የለም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ። የሚያነሣው ጥያቄም አንድ ብቻ ነው፦ ከሴቶቹ ሯጮች ማን ትሂድ? ማን ትቅር?

ይህን ጉባኤ ለብዙ ዓመት አጥንቻለሁ። የጥናቱን ወጪ የሸፈንሁት ከራሴ ኪስ ነው፤ ከኪሴ በላይ የሆነው በዱቤ ተይዟል። ለጥናቱ ብቁ መሆኔን ለሚጠራጠር አንባቢ፣ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ከጉባኤ ቃና አልፌ ዘአምላኪየ ላይ እንደ ደረስሁ እገልጻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያልዘለቅሁበት ምክንያት ከጥናቱ ጋር ግንኙነት የለውም።

የጭቅጭቁ ሁሉ ሥር 3 ቁጥር ነው። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ ርቀት ከ3 ሯጭ በላይ አያሰልፍም። በዓለም ሻምፒዮና የቀድሞዋ አሸናፊ በራሷ መብት ስለምትገባ አንዳንዴ 4 ይሆናሉ፤ ያ ግን ጭቅጭቁን ከሦስተኛዋ ወደ አራተኛዋ ከማዛወር በቀር የፈየደው የለም። ሌላው አገር 3 ሰው ፍለጋ ይማስናል። እኛ ዘንድ በነሐሴ 2015 በቡዳፔስት ጉዳፍ ጸጋይ፣ ለተሰንበት ግደይና እጅጋየሁ ታዬ 10 ሺህ ሜትሩን ከ1 እስከ 3 ተከታትለው ሲገቡ፣ ከጉባኤው የተነሣው የመጀመሪያ ቃል «እልል» ሳይሆን «እቺኛዋን ትተዋት ሄዱ» የሚል ነበር። የቡና ቤቷ እመቤት ሕጉን ከሁላችንም በላይ አስተካክለው ያስረዳሉ፦ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ። አራተኛ ካማራችሁ ውኃ አለ።»

ይህ ደዌ የእኛ ብቻ አለመሆኑን ያስረዳን አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ጃፓኖች በበረዶ ላይ በባለ ስለት ጫማ እየተሽከረከሩ የሚዘልሉ ሴቶች አሏቸው፤ ለነሱም ኦሊምፒክ ቢበዛ 3 ቦታ ነው የሚሰጠው፤ ሕዝቡም በየታኅሣሡ ብሔራዊ ውድድራቸው ሲመጣ እንቅልፍ ያጣል። ማኦ አሳዳ የምትባል ልጅ ለ2006ቱ (በፈረንጅ ነው) የቱሪን ኦሊምፒክ ከማንም የማታንስ ሆና ሳለ ዕድሜዋ በ87 ቀን ጎደለና ቀረች፤ ወርቁን ሌላዋ ጃፓናዊት ሺዙካ አራካዋ ወሰደችው። ጉባኤው በጽሞና አዳመጠ። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «87 ቀን ይህን ያህል የሚቸግር ሆኖ ነው? የክርስትና አባቷ የት ሄደው ነው?» ሲሉ ጠየቁ። መምህሩ ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ጃፓን አላነሣም።

ቅኔ ዋሸራ ቤት፣ ጎንጅ ቤት፣ ዋድላ ቤት እንደሚባለው ሁሉ የመራጮቹም ጉባኤ ሦስት ቤት አለው።

የሰዓት ቤት የወጣቶች ነው። የዚህ ቤት ሰው የእናቱን የልደት ቀን ብትጠይቁት አያውቅም፤ የለተሰንበትን የ5 ሺህ ሜትር ሰዓት ግን 14 ደቂቃ ከ6 ሰከንድ ከ62 ብሎ ይቀኛል። ሃይማኖቱ አጭር ነው፤ ፈጣን ሰዓት ያላት ትሂድ።

የማጣሪያ ቤት ይህን አይቀበልም። «ሰዓት አሯሯጭ የሠራው ነው፤ እስቲ ጎን ለጎን ይሩጡ» ይላል። ይህ ቤት በሚያዝያ 2013 ጸሎቱ ደረሰለት፤ ለቶኪዮ ማራቶን ሰበታ ላይ ማጣሪያ ተደረገ። የማጣሪያው ርቀት ግን 35 ኪሎ ሜትር ነበር። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነውና፣ የጎደለው 7 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር የት ገባ የሚለው ጥያቄ በእኛ ጉባኤ ላይ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። ማራቶን ከ35ኛው ወዲያ ነው የሚጀምረው የሚሉ አሉ፤ በእነሱ አባባል ማጣሪያው ማራቶኑ ሊጀመር ሲል ተጠናቋል። ሌሎቹ ደግሞ ሯጮቹን ለዋናው ቀን ማትረፍ ነው ይላሉ። ክርክሩ እስከ ሰኔ መባቻ ዘለቀ። ሰኔ 1 ቀን ለተሰንበት ሄንግሎ ላይ፣ በዚያው በኢትዮጵያ ማጣሪያ፣ 10 ሺህ ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1 ሰከንድ ከ03 ሮጣ ሲፋን ሐሰን ከ2 ቀን በፊት እዚያው መም ላይ ያስመዘገበችውን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። ማጣሪያውም ሰዓቱም በአንዲት ልጅ እግር ታረቁ። ሁለቱ ቤቶች ለአንድ ሳምንት ያህል የሚጣሉበት ነገር አጥተው ሲተክዙ አይቻለሁ፤ የሚያሳዝን ትዕይንት ነበር።

ሦስተኛው የፍልሰታ ቤት ነው። ሊቁም ደቀ መዝሙሩም አንድ ሰው ነው፤ ባለ ወፍጮው። እንደ አያ ባለ ወፍጮ ትምህርት የሴቶቻችን ድል በፍልሰታ ጾም የተወሰነ ስለሆነ ምርጫ የሚባለው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው። ማስረጃው በጣቱ ላይ አለ። ደራርቱ በባርሴሎና፣ ነሐሴ 1 ቀን 1984። ጥሩነሽ በቤጂንግ 10 ሺህ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2000። አልማዝ አያና በሪዮ 29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 ስትገባ፣ ነሐሴ 6 ቀን 2008። የቡዳፔስቱ አረንጓዴ ጎርፍ፣ ነሐሴ 13 ቀን 2015። ቀኖቹን እቤቴ ወስጄ መረመርኋቸው፤ ሁሉም ልክ ናቸው፤ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። «ፋጡማ ሮባ አትላንታ ያሸነፈችው ሐምሌ 21 ነው፤ ጥሩነሽም ለንደን ሐምሌ 27 ነው፤ ይኸሳ?» ብዬ ብጠይቀው፣ የፍልሰታን ጾም ቀድሞ የሚጀምር ሰው አለ፤ የሐምሌው ወርቅ የነዚያ ነው ሲል መለሰልኝ።

ሦስቱም ቤቶች ከውድድሩ በፊት ያሉ ናቸው። ውድድሩ ሲያልቅ ሁሉም ፈርሰው አንድ ቤት ይሆናሉ፤ እሱም የ«ብዬ ነበር» ቤት ነው። የዚህ ጥናት ዋና ግኝት በዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ።

«ብዬ ነበር» እንደ ቅኔ በርዝመቱ ይለያል። ጉባኤ ቃናው ባለ ሁለት ቤት ነው፦ «ብዬ ነበር፤ ማን ሰማኝ!» መወድሱ ስምንት ቤት ሲሆን የተናገረበትን ቀን፣ የተቀመጠበትን በርጩማ፣ የዝናቡን ሁኔታ፣ የሰማውን ሰው፣ ሰሚው የመለሰውን፣ ለሰሚው የሰጠውን ማስጠንቀቂያ፣ የፌዴሬሽኑን ደንቆሮነት እና በስተመጨረሻ የሯጯን ስም ይይዛል።

በማስረጃ በኩል ሲታይ ደግሞ እንደሚከተለው ነው። ባለ ምስክር ብዬ ነበር ባይ ሁልጊዜ ምስክር አለው፤ ምስክሩ አዲስ አበባ ነው፣ ወይም ሳዑዲ ነው፣ ወይም ነፍሱን ይማረው። ባለ ጨለማ ብዬ ነበር ባይ ግምቱን የተናገረው መብራት በጠፋበት ደቂቃ ነው፤ ስለዚህ ድምፁን የሰማ እንጂ ፊቱን ያየ የለም። መብራት በእኛ ሰፈር የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል የመሄድ ልማድ ስላለው፣ ይህ ወገን ቁጥሩ ብዙ ነው። ባለ ጉርምርምታው ደግሞ ከውድድሩ በፊት የሁሉንም ስም እየጠራ «እሷም አትናቅ» ያለ ነው። ይህኛው አይዋሽም። የሚያናድደውም እሱ ነው።

የእነዚህ ሁሉ አለቃ ባለ ተጠባባቂው ነው።

ባለ ተጠባባቂ የተወለደው ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረፋዱ 5 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። በፓሪስ የወንዶቹ ማራቶን ላይ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ከተጠባባቂነት የገባው ታምራት ቶላ በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ወርቁን አጠለቀ። ዋዜማውን ዓርብ ማታ እዚያው ቡና ቤት ነበርሁ። የታምራትን ስም ያነሣ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሲሆን 11 ሰዎች «ብዬ ነበር» ብለው ነበር፤ ከ11ዱ 2ቱ ዓርብ ማታ እኔ አጠገብ ነው የተቀመጡት። አንደኛው አበበ ቢቂላም ወደ ሮም የሄደው በዋሚ ቢራቱ ቦታ ነው እየተባለ የሚተረከውን ጠቅሶ፣ የዚህ አገር ወርቅ ከጥንት ጀምሮ በተጠባባቂ እጅ ነው የሚል ትምህርት አቆመ። ትምህርቱ እስከ ማታ ድረስ መላውን ከተማ ያዘ።

እሑድ ነሐሴ 5 ሴቶቹ ነበሩ። ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳጣፋ ቡና ቤቱን ሞላው፤ አንድ ሌሊት ሙሉ የተማረውን ትምህርት ይዞ የሴቶቹን ተጠባባቂ ይጠብቅ ጀመር። ተጠባባቂዋ አልሮጠችም። ትዕግሥት አሰፋ ግን ሮጠች፤ እስከ መጨረሻው መታጠፊያ ሮጠች፤ እዚያ ከሲፋን ጋር ተገፋፉና ሲፋን በ3 ሰከንድ ቀደመቻት። አገራችን አቤቱታ አስገባች፤ ተቀባይነት አላገኘም። ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ድምፁን አጠፋ። ከወደ ኋላ አንድ ልጅ «ሲፋን ታሸንፋለች ብዬ ነበር» አለ።

ይህ አዲስ ዝርያ ነው፤ ምደባው ገና አልተጠናቀቀም። ልጁ እውነቱን ነበር፤ ዓርብ ዕለት ሲናገር ሰምቼዋለሁ። በጥናቱ ዘመን ሁሉ በእርግጥ ብሎ የነበረ ብዬ ነበር ባይ ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከወንበሩ አስነሥተው ዝናብ ላይ አወጡት። ኋላ እመቤቲቱ «እሷስ አዳማ ተወልዳ የለ፤ የሰው አገር ልጅ አደረጋችኋት?» ብለው አስታረቁትና ተመለሰ፤ ግን ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

የትዕግሥት ነገር ከተነሣ አንድ ሳልናገር አላልፍም። ይህች ልጅ በሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ሯጭ ነበረች፤ ከማጣሪያው አላለፈችም። መስከረም 13 ቀን 2016 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የብሪጂድ ኮስጌይን ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ ቆረጠችው። አሰልጣኝ ነኝ የሚል ቀርቶ ነቢይ ነኝ የሚልም ይህን አላየም። በደብረ ኤልያስ ግን በ2008 ዓ.ም. የ800 ሜትሩን ማጣሪያ አይተው «እቺ ልጅ የማራቶን ናት» ብለው የነበሩ 4 ሰዎች አሉ። አንደኛው በ2008 ዓ.ም. የ9 ዓመት ልጅ ነበር።

ምደባው እስከዚህ ድረስ በደንብ ሄደልኝ። ከዚያ ነሐሴ 9 ቀን 2001 ላይ ደረስሁ።

ያን ምሽት በርሊን ላይ የዓለም ሻምፒዮና 10 ሺህ ሜትር ነበር። ጥሩነሽ ተጎድታ ቀርታለች። እኛ ግን አልከፋንም፤ ከተሰለፉት መካከል የደብረ ማርቆሷ መሰለች መልካሙ እና ሌላዋ የጎጃም ልጅ ውዴ አያሌው አሉ። መሰለች ከ2 ወር በፊት ዩትሬክት ላይ 29 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ከ80 ሮጣ የአፍሪካን ክብረ ወሰን ይዛ ነበር የመጣችው። በመጨረሻው ዙር መሰረት ደፋር መራች፤ ጉልበቷ ከዳት፤ መሰለች ወጣች። መስመሩ ፊቷ ነው። ድሉ የእሷ መስሎ እጇን ስታነሣ ኬንያዊቷ ሊኔት ማሳይ በጎኗ ሾልካ ደረቷን ቀድማ አስገባች። ልዩነቱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ። ውዴ ሦስተኛ ሆነች።

ስለዚህ ውድድር ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። የሰዓት ቤቱ ሰዓቷን ነገሩኝ፤ የማጣሪያ ቤቱ ትከሻቸውን ሰበቁ። አያ ባለ ወፍጮ ራሱ፣ ነሐሴ 9 የጥሩነሽ የቤጂንግ ወርቅ ቀን እንደሆነ እያወቀ፣ ዱቄቱን ከቅንድቡ ላይ ጠረገና ስለ ስንዴ ዋጋ አነሣብኝ። «ብዬ ነበር» ያለ አንድ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ያን ቀን የት እንደተቀመጠ ያስታውሳል፤ ማን ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም። እመቤቲቱ ብቻ ጀበናውን ከከሰሉ እያነሡ «ልጄን፤ እጇን ባታነሣው» አሉ፤ ትናንት የሆነ ያህል። በየትኛው ክፍል እንደምመዘግበው ስላላወቅሁ ምደባውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

የቀረው የጥናቱ ምክረ ሐሳብ ነው፤ እሱም ተግባራዊ ሆኗል። ከፓሪስ በኋላ በእኔ አሳሳቢነት ባለ 50 ገጽ ደብተር ተገዝቶ ከእስክሪብቶው ጋር በሲባጎ ታስሮ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተሰቅሏል። ለሎስ አንጀለስ፣ በእኛ ሐምሌ 2020፣ በየርቀቱ ማን እንደምትመረጥና ማን እንደምታሸንፍ ግምት ያለው ሰው ስሙንና ቀኑን አስፍሮ ይጽፋል፤ ከዚያ በኋላ ያልጻፈ ብዬ ነበር አይልም። ጉባኤው በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል።

ደብተሩ አሁን 31ኛው ገጽ ላይ ደርሷል። የተጻፈበት ሁሉ የቡና ዱቤ ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ገጾች የእኔ ናቸው።