ገድለ ጋቢና

በአገራችን ሰው ዓለምን ንቆ የሚወጣበት ሥርዐት ከጥንት ጀምሮ የታወቀና የተከበረ ነው፤ ርስቱን ለወንድሙ፣ ላሙን ለእኅቱ ትቶ፣ ዳባ ለብሶ ወደ ገዳም የሚገባውን መናኝ ዘመዱ አልቅሶ ይሸኘዋል እንጂ «ይህስ ምን ነካው» ብሎ ሽማግሌ አይልክበትም። እኔ ግን ከ20 ዓመት በላይ የተቀመጥሁበትን የቡድን መሪነት ወንበር ከነትራሱ ትቼ፣ ዕድሜዬ ወደ 50 በተጠጋበት ሰዓት የጭነት መኪና ልነዳ መሆኔን በገለጥሁ ጊዜ፣ ዱርቤቴ በእናቴ ቤት የተሰበሰበው የዘመድ ሸንጎ በ1870 ዓ.ም. ስለ ሃይማኖት ክርክር ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው ጉባኤ በቁጥር እንጂ በቁጣ የሚያንስ አልነበረም።

እናቴ «ልጄ፣ ማን አስቀየመህ?» ከማለት በቀር ቃል አልወጣትም። የነፍስ አባቴ ነገሩን በቀኖና ዐይን መርምረው፣ የሚያስጨንቀኝ ኀጢአት ካለ ጾምና ስግደት እንደሚበቃ፣ ለንስሓ ሲባል ዓባይ በረሓ እየወረዱ መውጣት ግን በየትኛውም መጽሐፍ እንዳልታዘዘ በገርነት አስረዱኝ። ከሁሉ የደነቀኝ የአክስቴ ነገር ነው። የእርሷ ልጅ አዲስ አበባ የሒሳብ ሹም የነበረ፣ አሜሪካ ከገባ ወዲህ ደግሞ ባለ 18 ጎማ ተሳቢ ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲነዳ የሚያድር ሲሆን፣ እርሷ በማኅበርም በለቅሶም «ልጄ አሜሪካ ትልቅ ሥራ ይዟል» ስትል ኖራ፣ የእኔን ዐሳብ በሰማች ጊዜ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሹፌርነት ውቅያኖስ ሲሻገር መዓርግ እንደሚጨመርለት የተረዳሁት ያን ዕለት ነው።

ምክንያቴን ልናገር። ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት በቆየሁበት ዘመን በመጀመሪያ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ መጣ፤ ከእርሱ በኋላ ውጤት ተኮር ምዘና፣ ቀጥሎ ካይዘን፣ ቀጥሎም የሥራ ደረጃ ምደባ የሚባለው ተከታትለው መጡ፤ እያንዳንዱ ሲመጣ ሥልጠና ተሰጠ፣ ቆሎና ሻይ ቀረበ፣ የጠረጴዛዎቻችንም አቀማመጥ ተለወጠ፤ ከውጭ በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ጉዳዩን ይዞ የተቀመጠው ገበሬ ግን ከተቀመጠበት አልተነሣም። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ላለው ክፍል የተጻፈ የማዳበሪያ ማጓጓዣ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ወርዶ፣ ቁጥር ተቀብሎ፣ ዞን ደርሶ፣ ተመርቶና ተመልሶ ግድግዳውን እስኪሻገር ድረስ የአቸፈር በቆሎ ተዘርቶ፣ ተኮትኩቶ፣ እሸቱም ተጠብሶ ይበላ ነበር። በዚህ ሁሉ ዘመን አንዲት ኩንታል ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ አለማድረሴን ሳስበው፣ ከእኅቴ ባል ዘንድ ሄድሁ፤ እርሱ እህል ነጋዴ ነው፣ አንድ አይሱዙም አለው፣ የቀድሞው ሹፌሩም ትቶት ሄዶ ነበር።

ለሸንጎው የመለስሁት መልስ ግን በታሪክ የተደገፈ ነበር። ጎጃም በቅኔው ብቻ ሳይሆን በጭነቱም የታወቀ አገር መሆኑን፣ የሲራራ ነጋዴ በቅሎና አህያ እየነዳ ዓባይን ተሻግሮ የባሶን ገበያ ይሞላ እንደ ነበር፣ በ1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ከስደት በዚሁ በእኛ በኩል ሲመለሱ ከሱዳን ስንቅና ጥይት ተሸክመው ከመጡት ግመሎች በሺሕ የሚቈጠሩት በየመንገዱ ማለቃቸውንና ያለ ጫኝ ነጻነትም የማይመጣ መሆኑን ዘረዘርሁ። ቀጥዬም ዐፄ ምኒልክን አነሣሁ፤ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ በ1900 ዓ.ም. ያመጣላቸውን መኪና ንጉሠ ነገሥቱ ካልተጠየፉት እኔ ማን ሆኜ እጠየፋለሁ ብዬ ስደመድም፣ ታላቅ አጎቴ ከዘራቸውን መሬት ላይ መትተው «ምኒልክ በቆሎ አልጫኑም!» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

የደረቅ ጭነት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ባሕር ዳር የገባሁበት ማሠልጠኛ ለእኔ ዋሸራዬ፣ የቅኔ ቤቴ ነበር፤ ጓደኞቼ ሁሉ የልጄ እኩያ ሲሆኑ፣ በትሕትናም ይሁን በተንኮል የኋላውን ወንበር ለእኔ ይለቁልኝ ነበር። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ወደ መወድስ እንደሚደርስ፣ የእኛም ትምህርት ከአንደኛ ማርሽ ይነሣል፤ ልዩነቱ፣ የቅኔ ተማሪ ቤት ሲሰበርበት መምህሩ ይገሥጸዋል እንጂ ካምቢዮው አይንኳኳም። የሕግ ክፍሉን፣ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ን ጨምሮ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ስለ ያዝሁት በጽሑፍ ፈተናው ጊዜ ግራና ቀኝ የነበሩት ወጣቶች በፍቅር ተጠግተውኝ እንደ ነበር ሳልገልጥ ማለፍ አልወድም።

እውነተኛው መምህሬ ግን ረዳቴ ነው። ገና ጢም ያላወጣ ልጅ ነው፤ አንቱ ይለኛል፣ «ጋሼ» ይለኛል፣ ያዝዘኛልም። «ጋሼ፣ ፍሪሲዮኑን ይልቀቁት እንጂ፣ ምን ያባብሉታል!» ሲለኝ በቃለ ጉባኤ ሳይያዝ የተሰጠ ትእዛዝ መፈጸም ለእኔ ምን ያህል ተጋድሎ እንደ ነበር የቢሮ ሰው ብቻ ይረዳልኛል። አንድ ቀን ከቡሬ በርበሬ ጭነን ስንሄድ ማንኩሳ ላይ ጎማ ፈነዳ፤ ጎሚስታው እስኪጨርስ ድረስ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፍ የዋናው ገጸ ባሕርይ የበዛብህ አገር ይህች ማንኩሳ መሆኗን፣ እርሱም ኋላ ከዲማ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ በእግሩ መሰደዱን ስተርክለት፣ ልጁ በእውነተኛ ኀዘን አዳምጦኝ ሲያበቃ «ታዲያ ደጀን ላይ ቆሞ አይሱዙ አይለምንም ነበር?» አለኝ።

ደጀን ከተነሣ ዓባይን ልናገር። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለው ጠመዝማዛ 40 ኪሎ ሜትር የሚያህል ሲሆን፣ ሹፌር ሁሉ እዚህ ሲደርስ ሬዲዮውን ይቀንሳል፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ እኔም እቀንሳለሁ። ሲወርዱ ፍሬንን ማመን ክልክል ነው፤ በዳገት በምትወጡበት ማርሽ ትወርዳላችሁ፣ ሞተሩ ራሱን እየያዘ ያጓራል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ከፊት ካለው ሲኖትራክ ይመጣል፣ ሙቀቱ ደግሞ ደጀን ላይ የለበሳችሁትን ጋቢ ያስወልቃችኋል። ከታች የቀድሞው ድልድይና ጃፓኖች የሠሩት፣ በ2001 ዓ.ም. ዋዜማ የተመረቀው ባለ ገመዱ አዲስ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። ዳገቱ ሲጀምር ረዳቴ ታኮውን ታቅፎ በሩን በከፊል ከፍቶ ይቆማል፤ መኪናው ቀጥ ቢል ዘሎ ከኋላ ጎማ ሥር የሚያኖረው እርሱ ነውና። ያን ጊዜ እኔ ከንፈሬን ነክሼ ሰላም ለኪን ስደግም፣ እርሱ በዜማ ማኅሌት የሚቆም ዲያቆን መስሎ ታኮውን እንደ ጸናጽል ከእጅ ወደ እጅ ያዘዋውራል። በቢሮ ዘመኔ ሕይወቴን ከ50 ኩንታል በቆሎ ጋር አምኜ የምሰጠው ባልደረባ አልነበረኝም፤ እዚህ አለኝ።

ወረቀት ጠልቼ መውጣቴ እውነት ነው፤ ነገር ግን መንገዱ ራሱ ረዥም መሥሪያ ቤት ሆኖ አገኘሁት። ኬላ አለ፣ ሚዛን አለ፣ የኮቴ ደረሰኝ አለ፣ ቦሎና ሦስተኛ ወገን አለ፣ ከኮንትሮባንድ ፈታሽ እስከ ትራፊክ ድረስ ሁሉም ሊብሬ ያያል፤ ጫኝና አውራጆችም እጃቸውን ሳያነሡ የሚጠይቁት ዋጋ የራሱ የሆነ መመሪያ አለው። ሌሎች ሹፌሮች ሲጨቃጨቁ እኔ ከመሪው ሥር «ገቢ»፣ «ወጪ»፣ «በሂደት ላይ» የሚሉ ሦስት ፋይሎች አውጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ የተሰጠኝን ደረሰኝ ከርእሱ እስከ ግርጌው አንብቤ «የፈራሚው ስምና ቲተር ይጐድላል» እላለሁ። የኬላ ሰው በሹፌር መሰደብ ለምዷል፤ መታረም ግን አልለመደምና ብዙ ጊዜ በእጁ ምልክት «እለፍ» ይለኛል።

መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት ስላለ፣ ሹፌር ታግቶ ቤተ ሰቡ ገንዘብ ሲለምን የሚሰማበት ቀን አለ። በዚህ ላይ ወግ አልጽፍም። በዚያ ቀን መኪናውን ግቢ አስገብተን፣ እናቴ የዳጉሳ እንጀራዋን አቅርባ፣ «ዛሬስ ወንበርህ ላይ በሆንህ ነበር» ሳትለኝ ትውላለች፤ ዝምታዋን አመሰግናለሁ።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ማደጉ በሬዲዮ ሲነገር ፍኖተ ሰላምን አልፈን ወደ ደምበጫ እየሄድን ነበር፤ ረዳቴ ዞር ብሎ አይቶኝ «ጋሼ፣ ይመለሳሉ እንዴ?» አለ። ከዘመዶቼ ሁሉ እንዳልመለስ የፈራ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው።

ባለፈው የበርበሬ ወራት የቀድሞው አለቃዬ ከቡሬ ሦስት ኩንታል አዲስ አበባ ላለች እኅታቸው እንዳደርስላቸው ፈለጉ። ስልክ መደወል ሲችሉ ደብዳቤ ላኩ፤ «ጉዳዩ፦ ትብብር ስለመጠየቅ» ይላል፣ ለእኅቴ ባልም ግልባጭ ተደርጓል። እኔም ልማዴ ተነሣብኝና ቁጥርና ቀን ጽፌ «ጉዳዩ፦ መልስ ስለመስጠት» ብዬ፣ ጥያቄያቸው ተመርምሮ አግባብ ያለው ሆኖ ስለ ተገኘ በርበሬው ማክሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ቡሬ አስፋልቱ ዳር ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ፣ የማጓጓዣው ዋጋም በቅድሚያ እንዲከፈል በአክብሮት አሳስቤ፣ ግልባጭ ለረዳቴ አደረግሁ። ማኅተም ስላልነበረን ልጁ ግሪስ የነካ አውራ ጣቱን ከፊርማዬ አጠገብ አሳረፈበት። ገንዘቡ በዚያው ዕለት ደረሰ፤ በሥራ ዘመኔ ከጻፍኋቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በዕለቱ የተፈጸመ ይህ ብቻ ነው።