መታወቂያ የሌለው ቻርጀር

የላፕቶፔ ቻርጀር ድንገት አልሞተም። ስድስት ወር ታሟል። ሕመሙ የጀመረው አንገቱ ላይ ነው፤ ሽቦው ከጫፉ ጋር የሚገናኝበት፣ ዘወትር የሚታጠፈው ቦታ። ናስትሮ ጠቀለልኩበት። በናስትሮው ላይ ሌላ ናስትሮ ጨመርኩበት። መጨረሻ ላይ የሚሠራው በአንድ አቀማመጥ ብቻ ሆነ፤ ሽቦው ወደ ግራ ዞሮ፣ ከሥሩ መዝገበ ቃላት ተደርጎለት፣ ቤተሰቡ ኮቴውን አጥፍቶ ሲሄድ። አንድ ማታ ልጄ በሩን በርግዳ ገባች። ሰማያዊ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ አበቃ።

«ስንት ጊዜ ቀይር አልኩህ?» አለች ባለቤቴ። ዝም አልኩ። ቆጥራው እንደሆነስ?

በማግሥቱ መገናኛ ሄድኩ። ባለሱቁ ልጅ እግር ነው።

«ጫፉ ምን ዓይነት ነው ጋሼ?»

«ክብ።»

«ክቡ ራሱ ስንት ዓይነት አለ! ቀጭን ነው ወፍራም? መሐሉ ላይ መርፌ አለው?»

ጣቶቼን አጠጋግቼ በግምት አሳየሁት። ጣቶቼን አየ፣ እኔን አየ፣ «ላፕቶፑን ይዘውት ይምጡ» አለኝ።

ይዤው ተመለስኩ። ገልብጦ ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበበ፤ 19.5 ቮልት፣ 3.34 አምፔር። ያወጣልኝ ቻርጀር ግን 4.62 አምፔር ይላል። 65 ዋት ለለመደ 90 ዋት! «ያቃጥልብኛል» ብዬ ላፕቶፔን አቀፍኩ።

ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ አምፔር መሶብ ነው። ሰፊ መሶብ ቢቀርብልዎት የሚበሉት የሚበቃዎትን ነው። ጣጣው ጠባቡ ነው፤ ሁሉንም ላጥግብ ሲል ቻርጀሩ በላብ ይጠመቃል። ቮልት ግን ጉርሻ ነው፤ ከአፍ ከተለቀ ያንቃል።»

ትምህርት ቤት ሳለሁ ይህ ነገር አንድ ወሰነ ትምህርት ሙሉ ተነግሮኝ አልገባኝም ነበር። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ደግሞ የዋይፋዩን ቻርጀር አውጥቶ «ይኸው ጫፉ ይገባል እኮ» ይላል። «ይግባ እንጂ 12 ቮልት ነው፤ አያስነሳውም» አለው ልጁ፣ ዞር ብሎ ሳያየው።

ሁለት ቻርጀር ቀረበልኝ፤ አንዱ ኦሪጅናል፣ አንዱ «እንደ ኦሪጅናል»። ሁለተኛው ዋጋው ግማሽ ነው። ክብደቱ ደግሞ ባዶ የክብሪት ቀፎ። ያን ሁሉ ጥበብ ቆሜ የሰማሁት ሰውዬ የትኛውን እንደገዛሁ አትጠይቁኝ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። መብራቱ በራ፤ እልል ልል ስል ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ መጣ። የተሰካው ቻርጀር ዓይነቱ አልታወቀም ይላል። ለካ በአንዳንድ ላፕቶፖች መሐል ላይ ያለችው መርፌ ኃይል አታስተላልፍም፤ ሥራዋ መታወቂያ ማሳየት ነው። ላፕቶፑ «ማን ነህ? ስንት ዋት ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ቻርጀሩ ውስጥ ያለች ትንሽ ቺፕ ትመልሳለች። መልስ ከጠፋ ላፕቶፑ መሥራቱን ይሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። በቀበሌ ቋንቋ፣ እንግዳው ይደር፣ ነዋሪ ተብሎ ግን አይመዘገብም። ባትሪዬ 7 በመቶ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። መብራት ቢጠፋ ላፕቶፑም ብዙ ሳይቆይ ይከተላል፤ የጻፍኩትም አብሮ።

ለሦስተኛ ጊዜ መገናኛ።

«መርፌ አለው ብለህ አልነበረም የሸጥክልኝ?»

«አለው እኮ ጋሼ። ያወራል ግን አላልኩም።»

ከጓዳ ሌላ አመጣ፤ ከሞተ ላፕቶፕ የተረፈ፣ እውነተኛ ኦሪጅናል፣ ድንጋይ የሚያክል። ሰካው። ላፕቶፔ ወዲያው አወቀው። ዓይኔ እያየ 7 የነበረው 8 ሆነ። ልዩነቱን ከፍዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

ያየችው ባለቤቴ ናት። አንገቱ ላይ ናስትሮ አለ።