ስለ አባባ የምርኮ እስክሪብቶ፤ ከቱሪን ለሰቆጣ ቤተሰብ የተላከ ደብዳቤ

አሮጌ የጣሊያን እስክሪብቶ የማን ሥራ እንደሆነ በመጀመሪያ የሚታየው ኪስ ላይ ከሚንጠለጠልበት መያዣው፣ ቀጥሎም ወገቡ ላይ ካለው ቀለበት ነው። ስመ ጥር ከሆኑት ብዕር ሠሪዎች ሞንቴግራፓ እንደ ፈረንጆች በ1912 ባሳኖ፣ አውሮራ በ1919 ቱሪን፣ ኦማስ በ1925 ቦሎኛ ተመሠረቱ፤ ኦማስ በ2016 ተዘግቷል። የሠሪው ስም ጠፍቶ «ኢታሊ» የሚል ብቻ ከተገኘ እስክሪብቶው ወላጆቹ አልታወቁም ማለት ነው። ቀለም እንዲፈለግለት በሽሮ ከረጢት ተቀብሮ ቱሪን የደረሰው የአባባ እስክሪብቶ ከዚህ ወገን ነው። በርበሬው ሲጠረግ ቀለበቱ ላይ «ላሚናቶ ኦሮ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ብሏል፤ ላዩ ወርቅ የተለበጠ ነው። ባለ 18 ካራት ወርቅ ቢሆን 750፣ ብር ቢሆን እንደ 925 ያለ ቁጥር ይኖረው ነበር። ስለዚህ ጋሼ ይህን ወርቅ አስይዘው ሊበደሩ ያሰቡት ገንዘብ ቢቀርባቸው ይሻላል።

ቀለም ፍለጋው ላይ ከስም ይልቅ ልክ ይጠቅማል። ያለቀው ቀሰም፣ ማለትም የቀለሙ ቱቦ፣ ይወጣና ርዝመቱና ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ይለካል፤ የአፍንጫው ቅጥነት፣ ሞላው የሚያርፍበት ትከሻና የጭራው ቅርጽ ይታያል። ዛሬ በየሱቁ የሚገኘው የፓርከር ዓይነት የሚባለው ወፍራም ቀሰም 98 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። ዲ-1 የሚባለው ትንሹ 67 ሚሊ ሜትር ርዝመትና 2.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። ቀሰም ካጠረ ጫፉ አይወጣም፤ ከረዘመ ወደ ቤቱ አይመለስም፣ ኪስም ያበላሻል። በቀለም የተበላሸውን የሠርግ ሸሚዝ እትዬ አትረሳውም።

ጋሼ በስልክ «ጣሊያን አገር ተቀምጦ የጣሊያን ቀለም ያጣ፣ ተከዜ ዳር ውሃ ይጠማዋል» ማለታቸው የደብዳቤውን ላኪ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አስገብቶታል። ባለሱቋ አሮጊት መሳቢያውን ሁሉ ካገላበጡ በኋላ የእስክሪብቶውን ዕድሜ ጠየቁ። ላኪው፣ ቤት ውስጥ ሲነገር እንደኖረው፣ አባባ በዋጉ አርበኛ በደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ጊዜ ከአንድ የጣሊያን መኮንን የማረኩት መሆኑን አስረዳ። ሱቁ ጸጥ አለ። ባለሱቋ ግን አልተቆጡም፤ እርሳስ አንስተው ሂሳብ ያዙ። ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወጣው እንደ ፈረንጆች በ1941 ነው። የሃንጋሪው ጋዜጠኛ ላዝሎ ቢሮ የደከመበት፣ እንደ አባባ እስክሪብቶ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው ዓይነት ኒውዮርክ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበው በጥቅምት 1945 ነው። «መኮንኑ እስኪማረክ አራት ዓመት ቆሞ ጠብቋል ማለት ነው» አሉ።

ከኋላ ተሰልፈው የነበሩ ሽማግሌ ክርክሩን ተቀላቀሉ። አባታቸው አቢሲኒያ ዘምተው ነበር፤ ነገር ግን የሚፈርሙት በአውራ ጣት ስለነበር ከእሳቸው ብዕር ሊማረክ እንደማይችል ይታወቅላቸው ዘንድ ጠየቁ። ፖስታ ልትገዛ የመጣች ሴት ደግሞ ምርኮ ከሆነ ለጣሊያን መንግሥት ይመለስ አለች። ላኪው በ1937 የተወሰደው የአክሱም ሐውልት በ2005 መመለሱን አስታውሶ፣ እስክሪብቶውም በዚያው ሂሳብ 68 ዓመት ተራውን እንዲጠብቅ ሐሳብ አቀረበ። በአንድ ድምፅ ተቃውሞ ጸደቀ።

በመጨረሻ አንድ የፓርከር ዓይነት ቀሰም በውፍረቱ ልክ ሆነ፤ በርዝመቱ ግን ትንሽ አጠረ። ለዚህ ያለው መፍትሔ ከአሮጌው ቀሰም ላይ ቁራጭ ቆርጦ ከጭራው በኩል መደገፍ ነው፤ ባለሱቋ ይህን በምላጭ ሠሩት። የመሞከሪያ ወረቀት ሲቀርብለት ሌላው ሰው ክብና ዚግዛግ በጫረበት ላይ ላኪው «ሰቆጣ» ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሳያስበው የቤተሰቡን ስም ሁሉ፣ የቀዩን ፍየል ጨምሮ፣ ወረቀቱ እስኪሞላ ደረደረ። በሠፈሩ ያንን ፊደል የሚያነብለት አንድም ሰው የለም። ባለሱቋ «ቀለሙ ይወርዳል?» ሲሉት ለመመለስ ትንሽ ዘገየ። ዋጋው ሲነገረው ግን ናፍቆቱ ወዲያው ለቀቀው።

የባለሱቋ የዓመት ሂሳብ የአባባን አርበኝነት አይነካም፤ የቀነሰው እስክሪብቶውን ብቻ ነው። ከማን እንደተገዛ እትዬ ሳታውቅ አትቀርም ተብሎ ይጠረጠራል፤ ያንን ሸሚዝ ስታጥብም ዝም ብላ ነበር።

ከደብዳቤው ጋር ሁለት ቀሰም ተልኳል፤ ድጋፉ ተቆርጦ ጭራቸው ላይ ተሰክቷል። ጫፉ ላይ ያለችው ጠብታ ቀለሙ እንዳይደርቅ የተደረገች ስለሆነች መጻፍ እስኪጀመር አትላጥ። እስክሪብቶው የሚከፈተው ወገቡን በእጅ በማዞር ነው፤ በጥርስ መጎተት ክልክል ነው፤ ይህ ጋሼን ይመለከታል። ሦስተኛው ቀሰም የሚላከው የዋግ ማር ቱሪን ሲገባ ነው።