ሳጥንዎ ሞልቷል

እኩዮቼ፣ ማለዳ ኢሜይሌን ስከፍት ከደብዳቤው በፊት የሚቀበለኝ «የማከማቻ ቦታዎ እያለቀ ነው» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሆኗል። እንዴት አደሩ የለ፣ ቤተሰብ ደህና ነው ወይ የለ። ድሮ እኮ ዕዳ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እንኳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ፣ ገብቶ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጥቶ ነበር ነገሩን የሚያነሣው።

በእኛ ጊዜ ደብዳቤ ደብዳቤ ነበር። ፖስታ ቤት ባለ ቁጥር ሣጥን ተከራይተን፣ ቁልፏን ከኪሳችን ሳንለይ እንኖር ነበር። ሣጥኗ ክንድ አታስገባም፤ ግን ሞላች ሲባል የሰማ ማን ነው? ወረቀቱም ቁም ነገር ነበረው። «ለውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን አለህልኝ፣ እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር...» ብሎ ይጀምርና ገጹን ሙሉ የጎረቤቱን ሁሉ ሰላምታ አድርሶ፣ የላከበትን ጉዳይ ከፊርማው በላይ ባለችው መስመር ጣል ያደርጋታል። አንዲት ቃል አትባክንም ነበር። የመጣውን ሁሉ አልጋ ሥር በቆርቆሮ ሣጥን እናኖራለን። ምስጥ ከበላው፣ ክረምት ካበሰበሰውና ሠራተኛዋ ከሰል ካቀጣጠለችበት በቀር አንድም ደብዳቤ አልጠፋብንም።

ያበላሹን ራሳቸው የኢሜይል ድርጅቶቹ ናቸው። መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ፈረንጆች «ኤፕሪል ዘ ፉል» በሚሉት ቀን፣ ጂሜይል 1 ጊጋባይት በነጻ እሰጣለሁ ብሎ ሲመጣ ብዙ ሰው ቀልድ መስሎት ነበር። ያኔ ሆትሜይል የሚሰጠው 2 ሜጋባይት፣ ያሁ 4 ሜጋባይት ነበርና። ከእንግዲህ ደብዳቤ መሰረዝ ቀረ አሉን፤ እኛም ሰው አምነን ማጠራቀም ጀመርን። ዛሬ 15 ጊጋባይት ነጻ ነው ይላሉ፤ ደብዳቤው፣ ድራይቩና ፎቶው ግን የሚቆርሱት ከአንድ መሶብ ነው። ከግንቦት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ የሚጫን ፎቶ ሁሉ ይቆጠራል። ሲሞላ ደብዳቤ መላክም መቀበልም ይቆማል፤ ሞልቶ 2 ዓመት ከቆየ ደግሞ ሊሰርዙት ይችላሉ። የእኔን ሣጥን ማን እንደያዘው ስም አልጠራም፤ ሰው አላማም።

ቦታውን የሚጨርሱት ወጣቶች ናቸው። አሜሪካ ያሉት ልጆቼ አንድ የልደት ኬክ ከአራት ማዕዘን አንስተው ይልካሉ። እኔ በየእሁዱ ለዘመድ አዝማድ የምልከው አንድ የሰንበት ሥዕልና አንድ መዝሙር ብቻ ነው፤ እሱም በረከት እንጂ ጭነት አይደለም። የልጅ ልጄ ግን «አባባ፣ የላኩትም እኮ ቦታ ይይዛል» አለችኝ። የላክሁት ነገር ምን ሲደረግ እኔ ዘንድ ይቀራል? በዚያ ላይ አባሪ ሲላክ በመንገድ ላይ ይወፍራል፤ 3ቱን ባይት በ4 ፊደል ስለሚጽፉት በሲሶ ያህል ይጨምራል። እኛ ፖስታ ቤት የሰጠነው እሽግ ከስቶ ይደርስ እንደሆን እንጂ ወፍሮ አያውቅም።

ይህች ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ከ10 ሜጋባይት በላይ የሆኑትን ለይቶ የሚያወጣ ፍለጋ ጻፈች። ከላይ እስከ ታች የእኔው የሰንበት ሰላምታ ተደረደረ፤ ኮምፒዩተሩ ምን እንደነካው እንጃ። ሰረዝን። ቀዩ ጽሑፍ ግን ንቅንቅ አላለም። ለካስ የተሰረዘው ቅርጫት ውስጥ 30 ቀን ይቆያል፤ ቅርጫቱን ካላራገፉት እሱም ይቆጠራል! የጣልሁት ጥራጊ ቦታ ሲያስቆጥረኝ አያችሁልኝ?

«በወር ትንሽ ይክፈሉና ይገላገሉ» አለች። ለገዛ ደብዳቤዬ ኪራይ አልከፍልም ብዬ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። በዚያ ገንዘብ የስንት ዓመት ኪራይ ይሸፈን እንደነበር ልታሰላልኝ ስትጀምር ዝም አሰኘኋት። የዛሬ ልጆች ሒሳብ እንጂ አክብሮት አያውቁም።

ከዚያ ደብዳቤውን ወደ ቤት የሚያወርድልኝን ተንደርበርድ የሚባል ፕሮግራም ጫነችልኝ። አይማፕ በሚሉት መንገድ ከገባችሁ እዚህ የሰረዛችሁት እላይ ሰርቨሩ ላይም ይሰረዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂውን «ሎካል ፎልደርስ» በሚለው ሥር ማኖር፣ ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ደብዳቤውም አባሪውም መከፈቱን ማየት፣ የላይኛውን መሰረዝ ከዚያ በኋላ ነው። ፖፕ የሚሉት ደግሞ «ሰርቨሩ ላይም ተውልኝ» ካላላችሁት ወደ እናንተ አውርዶ ከላይ ሊያጠፋው ይችላል። ሁሉን ባንዴ ለሚፈልግ ጉግል ቴክአውት የሚባል አለ፤ የጂሜይልን ደብዳቤ በሙሉ ኤምቦክስ በሚሉት ፋይል ጠርዞ ይሰጣል። ይህን እንኳ ወድጄዋለሁ። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ዶሴ ሲያይ ያውቃል።

«አንድ ቅጂ አይበቃም፤ ዲስክም ይበላሻል» አለችኝ ደግሞ። የዚህ ዘመን ሰው በገዛ ዕቃው እምነት የለውም! እኔ እንደ ድሮዬ በአንድ ቦታ ብቻ ነው ያኖርሁት፦ ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ዲስኩ ላይ፣ አሳትሜም በወረቀት። ዲስኩን በነጠላ ጠቅልዬ ቡፌው ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ወረቀቱ ቡፌ ስላልበቃው ሳሎኑን ይዟል፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይቀመጣል።

አሁን ሣጥኔ ቦታ ስላገኘ ይህንኑ ምሬቴን በድምፄ ቀድቼ፣ የቡፌውንም ፎቶ ከየማዕዘኑ አያይዤ፣ ለሁላችሁም በያላችሁበት እልካለሁ። ሳትሰርዙ አኑሩልኝ፣ ለማያውቀውም አስተላልፉ። «የተቀባዩ ሣጥን ሞልቷል» ብሎ የሚመለስብኝ ካለ ግን እቀየማለሁ።