ልብሴን ገመዱ ያውቀዋል

የልብስ ሻጭን ያህል የውጭ ምንዛሪ የሚያውቅ ሰው አገራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቅቆ፣ ባንክ ቤት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ሲሻገር፣ ነገሩን አብራርቶ ያስረዳኝ ኢኮኖሚስት አይደለም፤ ሰፈራችን ያለው የቡቲክ ልጅ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቡናማ ቀሚስ ዋጋ ጠየቅኩት። ነገረኝ፤ ደነገጥኩ። «ዶላር ጨምሯል እኮ እህቴ!» አለኝ። ቀሚሱን ግን አውቀዋለሁ። ዶላር ሳይጨምርም እዚያው ሚስማር ላይ ነበር፤ በመስኮቱ በኩል ያለው ትከሻው በፀሐይ ወይቧል። «ይሄ እኮ ድሮ የገባ ነው» ብለው፣ «የሚተካው ግን በአዲሱ ዶላር ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት። እኔ ደግሞ መልስ ካጣሁለት ሰው ዕቃ አልገዛም።

የልብስ ጾም የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ለባለቤቴ ስነግረው «እስከ ስንት ሰዓት?» አለኝ። ሁዳዴ እንኳ 55 ቀን ቆይቶ ይፈሰካል፤ የኔ ግን መያዣው እንጂ መፍቻው አልታወቀም። ካልሲና የውስጥ ልብስ ጾም አያስገድፍም ብዬ ራሴ ደንግጌአለሁ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን የዘመናት ክርክር በኔ በኩል የፈታሁት እንዲህ ነው።

ካልገዛሁ ዘንድ ያለኝን ልወቅ አልኩና ወደ ቁም ሳጥኑ ዞርኩ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ዘዴ ነገረችኝ፦ ማንጠልጠያዎቹን በሙሉ ፊታቸውን አዙረሽ ትሰቅያለሽ፤ ለብሰሽ የመለስሽውን ብቻ በደንቡ ታደርጊዋለሽ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደዞረ የቀረው ሁሉ የማትለብሽው ነው። አዞርኩ። በማግስቱ ከሥራ ስገባ፣ ቤት የምታግዘን ልጅ ሁሉንም እንደነበረ አስተካክላ ጠበቀችኝ። «ማን እንዲህ እንዳተራመሰው እንጃ እትዬ፤ ልጆቹ መስለውኝ ተቆጣኋቸው» አለችኝ። ጥናቱ በዚሁ ተቋረጠ። ልጆቹም ባላጠፉት ተወቅሰው ቀሩ።

ደግነቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ማንጠልጠያ ማዞር አያስፈልገውም፤ የልብስ ማስጫ ገመድ አለው። ቁም ሳጥን የሚያሳየው የተገዛውን ነው፤ ገመድ የሚያሳየው የተለበሰውን ነው። ያልለበሱትን የሚያጥብ የለማ! ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። ውሃ የሚመጣው ሌሊት ከሆነ፣ በርሜሉና ጀሪካኑ እስኪሞላ ተነቅቶ ይጠበቃል፤ ከዚያ የተረፈው ነው ለልብስ የሚደርሰው። በእንዲህ ያለ ሌሊት «ለብቻው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠብ» የሚል ወረቀት የተሰፋበትን ነጭ ሸሚዝ የሚያነሳ ጤነኛ ሰው የለም። የሚነሳው ጠቆር ያለው፣ አንድ ሳፋ ውስጥ ከሌላው ጋር ተስማምቶ የሚገባው ነው። የኔን የአለባበስ ምርጫ ከፋሽን መጽሔት ይልቅ የውሃ ፈረቃው የወሰነው ይመስለኛል።

ገመዱን ደግሞ የማየው እኔ ብቻ አይደለሁም። ፊት ለፊት ብሎክ ያሉት እማማ ከበረንዳቸው ሆነው ልብሴን ከኔ በላይ ያውቁታል። አንድ ቅዳሜ በደረጃ ስንገናኝ «ልጄ፣ ያቺ ግራጫ ሹራብሽ ሰሞኑን ገመዱ ላይ የለችም፤ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። አላመመኝም፤ ሹራቧ ሳትታጠብ ስለምትለበስ ነው። ይህንን ግን አልነገርኳቸውም።

ቆሜ ገመዱን ሳየው አንድ ነገር ገረመኝ። እዚያ ከተሰጣው አብዛኛው እኔ የገዛሁት አይደለም።

መጀመሪያ የታላቁ ሩጫ ቲሸርቶች አሉ። ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ሲጀመር፣ መሥራቹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ሮጦ አንደኛ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሕዝቡ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ 10 ኪሎ ሜትሩን ይሮጣል፣ ይራመዳል፣ ይጨፍራል። እኔ ከሚጨፍሩት ወገን ነኝ። የእሑዱ ሩጫ ግማሽ ቀን ነው፤ ቲሸርቱ ግን ዕድሜ ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት በየቤቱ እየገቡ ቆጠራ ቢያደርጉ፣ የከተማው ሰው ግማሹ የታላቁ ሩጫን ቲሸርት ለብሶ ተኝቶ የሚገኝ ይመስለኛል። የኔ ቀዩ የሌሊት ነው፤ ቢጫው ሽንኩርት የሚከተፍበት ነው፤ አረንጓዴው ባለቤቴ መኪና ሲያጥብ የሚለብሰው ነው። ከሁሉም የቀደመው ዘንድሮ መወልወያ ሆኗል፤ ወለሉን ሲያብስ «ሩጫ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም ይነበባል። የማንም ዲዛይነር ልብስ እንዲህ ከላይ እስከ ታች አላገለገለኝም።

በአንጻሩ ከዱባይ የመጣልኝ የሐር ፒጃማ አለ፤ ከነካርቶኑ። እናቶቻችን እንዳስተማሩን እንዲህ ያለው ለሆስፒታል ነው የሚቀመጠው። ድንገት ብተኛ ጠያቂ ሲመጣ እንዳላፍር። እስካሁን አዲስ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ግራጫዋ ሹራብ የባለቤቴ ነበረች። እሱ ያገኛት ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ነው። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ክልክል ቢሆንም፣ ቦንዳው በየገበያው ሲፈታ ሁላችንም እናያለን፤ እሷም እንደዚያው ደርሳ ይሆናል። አንገቷ ላይ ከውስጥ በኩል በማይለቅ ቀለም የፈረንጅ ስም ተጽፎባታል፤ የትምህርት ቤት ልጅ ወይም የጡረተኛ ትሁን እንጃ። ክርኗ ሳስቶ ክሩ ይታያል፤ የግራ ኪሷ ውስጥ ሁልጊዜ የታክሲ ዝርዝር አይጠፋም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ተሰቅላ የምትኖር ከተማ ናት፤ ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ፣ ማታ እንደገና ብርድ። በቡቲኩ የተሰቀሉት ቀሚሶች ይህን የነገራቸው የለም፤ ክንዳቸው ገላጣ፣ ጨርቃቸው ስስ። ስለዚህ የቱንም ያህል ያማረ ነገር ብለብስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ታክሲ ሰልፍ ውስጥ የሚታየው ከላይ የደረብኳት ሹራብ ናት። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀኝ በእሷ ነው።

ጋቢዬን እናቴ ናት የፈተለችው፤ ሸማኔ ሠርቶት አራት እጥፍ ሆኖ መጣልኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ቤቴ የመጣ እንግዳ ሌላ ልብሴን አያይም።

ነጠላዬም ከእናቴ ናት። አንዲት ነጠላ ስንት ሥራ እንደምትሠራ ያስተዋልኩት አሁን ነው። ለቤተ ክርስቲያን መስቀለኛ አጣፋታለሁ፤ ለቅሶ ቤት ዘቅዝቄ ጥለቷን ወደ ላይ አደርጋታለሁ፤ ገበያ ስወጣ ፀሐይ ትከልልልኛለች፤ የእህቴ ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው እሱን ትሸፍናለች። ልብሱ አንድ ነው፤ የሚቀየረው አጣጣሉ። የፋሽን ሰዎች ይህን ቢሰሙ የሚሠሩት ያጣሉ።

ከገዛኋቸው መካከል ገመዱ ላይ በክብር የምትወጣ አንዲት ብቻ ናት፤ ጥቁር ቀሚሴ። የባልደረባችን አባት ያረፉ ዕለት በምሳ ሰዓት ሮጬ፣ ሳልለካ፣ ዋጋ ሳልከራከር የገዛኋት ናት። ከዚያ ወዲህ ቀብር፣ ሠልስት፣ አርባ፣ ሙት ዓመት፤ እድር ጥሩንባ ባስነፋ ቁጥር እሷ ትወጣለች። ዋጋዋን ብዙ ጊዜ መልሳለች። የለቅሶ ልብስ አንድ ትልቅ ጸጋ አለው፤ ማንም ቀና ብሎ «ይህንን ባለፈውም ለብሰሽው ነበር» አይልም። እንዲያውም ልብስ ቀይራ የመጣች ናት የምትታማው።

በሰርግ ተቃራኒው ነው። እዚያ ፎቶ አለ። ፎቶው ማታውኑ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ በወሩ ሌላ ሰርግ ላይ ያንኑ ለብሰሽ ብትገኚ ከሁለቱም ፎቶ ላይ ቀሚሱን የሚያነጻጽር አይጠፋም።

እንግዲህ ወደ ጥበብ ቀሚሶቼ መጣሁ፤ ቁም ሳጥኑን በቀኝ በኩል የያዙት እነሱ ናቸው። አንዲት ጓደኛችን ልትዳር ስትል ነገሩ የሚጀመረው በቴሌግራም ግሩፕ ነው። መጀመሪያ እልልታ፤ ቀጥሎ የቀለም ፎቶ፤ ቀጥሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። ከዚያ ሁላችንም ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ አቅጣጫ ሽሮ ሜዳ እንወጣለን። ግራና ቀኝ ሱቆቹ ደጃፍ ላይ ቀሚሶቹ በአሻንጉሊት ተለብሰው ቆመዋል፤ አሻንጉሊቶቹ ምሳ በልተው እንደማያውቁ ወገባቸው ይመሰክራል። ሻጩ «ነይ ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ያንቺ ነው» ይላል፤ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ትንሽ ይጥበቅ?» ይላል። ይህን ጥያቄ «አይሆንም» ብላ የመለሰች ሴት እስካሁን አላየሁም።

የኛ ሰርግ የሚበዛው ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ነው፤ በሁዳዴ አይሰረግማ። ስለዚህ ለፋሲካ ማግስት ሰርግ ልካችን የሚወሰደው በጾሙ ነው፤ በሽሮና በጎመን ዘመን። ቀሚሱ የሚለበሰው ከዶሮ ወጡና ከክትፎው በኋላ ነው። ሜትሩ የለካትና ሰርጉ ላይ የተገኘችው ሴት ፈጽሞ አይተዋወቁም። በአንዱ ሰርግ ላይ ዚፑን ሁለት ሰው ይዞ ሦስተኛዋ እየጸለየች ነው የተዘጋልኝ። ምሳውን ቆሜ በላሁ።

የነዚህ ቀሚሶች ቀለም ደግሞ በሙሉ አረንጓዴ ነው ማለት ይቻላል። ሙሽሮቹ አረንጓዴ አይሉትም፤ አንዷ ኤመራልድ አለችው፣ አንዷ ኦሊቭ፣ አንዷ ሴጅ። አጠገብ ለአጠገብ ሰቅዬ ሳያቸው እማማን ጠርቼ ልዩነቱን እንዲነግሩኝ ፈለግኩ። «ይሄኛው ታጥቧል፣ ይሄኛው አልታጠበም» አሉኝ። አንዱም ታጥቦ አያውቅም።

ከእነዚህ ቢያንስ ጠባቦቹን ላውጣ ብዬ የወሰንኩት «ልዋ…ጭ!» የሚለው ድምፅ ከታች ሲሰማ ነው። ጠራሁት፤ ከነማዳበሪያው ወጣ። ኦሊቩን ሰጠሁት። በብርሃን ገልጦ አየው፤ ብብቱን አሸተተ፤ ጥልፉን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የሙያ ሰው መሆኑ ያስታውቃል።

«የወንድ ሱሪ የለም?» አለ።

«ይሄ እኮ ፈትል ነው። ጥልፉም የእጅ ነው።»

«አውቃለሁ እናቴ። ግን ለማን ይሸጣል? ምናለሽ ተራ ይዤው ብውል ሰርግ የተጠራ ሰው እዚያ አይመጣም። ጫማስ የለም?»

«ስንት ትሰጠኛለህ?»

«አንድ ሳፋ። ከትንሿ።»

ለዚያ ቀሚስ የከፈልኩትን እዚህ አልጽፈውም፤ ባለቤቴ ያነበዋል። ሰውየው ሳፋዋን ሊያወርድ ጎንበስ ሲል ዓይኑ ገመዱ ላይ አረፈ። ቀና ብሎ ግራጫዋን ሹራብ ከእጅጌዋ ያዝ አደረጋት፤ ክርኗ መሳሳቱን አየ፤ ቢሆንም ፊቱ በራ።

«ያቺን ከጨመርሽልኝ ትልቁን ሳፋ ከነጆጉ እሰጥሻለሁ» አለኝ።

አልሰጠሁትም። ኦሊቩንም ይዤ ገባሁ፤ የኩራት ጉዳይ ነው። ዋጋ የሚያውቀው ግን ከቡቲኩ ልጅ ይልቅ እሱ ነው። አንደኛው የሚተምነው በዶላር ነው፤ ሌላኛው የሚተምነው ነገ ጠዋት ማን ይለብሰዋል ብሎ ነው።

ጾሙ ቀጥሏል፤ ጥር ደግሞ እየደረሰ ነው። ዘንድሮ የምትሞሸሩ እህቶቼ፣ ደስታችሁ ደስታዬ ነው፤ ጠርታችሁኝ አልቀርም፣ እልልታውም አይጓደልም። ቀለም ስትመርጡ ግን እባካችሁ አረንጓዴ አድርጉት፤ በሁሉም ስሙ አለኝ። የቱ አረንጓዴ እንደሆነም ከወር በፊት አሳውቁኝ፤ ወገቡን የማስፋበት ጊዜ ያስፈልገኛል።